ቀኑ ያለፈበት ብርሃን

«የለም» አለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ልብስ ሰፊው ጋሼ ክው አሉ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው አቅፈው ያመጡትን የተቃጠለ የፍሎረሰንት ዘንግ ባንኮኒው ላይ እንዳጋደሙ እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው ልጄ? ዛሬ የለም ነው ወይስ ጭራሹን የለም?»

«ጭራሹን ነው አባቴ። ማስመጣት ካቆምን ዓመት ሊሞላን ነው። አሁን ሰው ሁሉ ወደ ኤልኢዲ ዞሯል። እሱን ልስጥዎት?»

«ኤልኢዲ! ኧረ አታሰማኝ!» አሉና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ማፈግፈጋቸው ባልከፋ፤ ከኋላቸው ቆማ ሽቦ የምታስለካ ሴት ነበረችና እግሯን ረገጡት። ይቅርታ ሊጠይቁ ዞር ሲሉ ለሁለተኛ ጊዜ ደነገጡ። የሟች ባለቤታቸው የእህት ልጅ ናት፤ ከሐዘኑ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ለምንዬ! አንቺ ልጅ ከየት ተገኘሽ?»

ስሟ አይደለም። ሕፃን ሳለች «ለምን?» ሳትል የመሸበት ቀን ስላልነበረ ቤተሰቡ ያወጣላት ነው። ተምራ ጨርሳ፣ ችግኝ በሚፈላበት ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ የመብራት ኃላፊ ከሆነች በኋላም ስሙ አለቀቃትም።

ለአንድ አምፖል ይህን ያህል መደንገጥ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የአምፖል ብቻ አልነበረም። በሰፊው ጋሼ ሳሎን ውስጥ የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ አለት፣ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ መሐል ላይ ደግሞ እንደ አጋዘን ቀንድ የተንዠረገገ ኮራል አለ። ኮራሉን ሚስታቸው አውራ ጣት ሳያክል አምጥታ፣ ጨው እየመጠነች፣ ውሃ እየለካች ዘጠኝ ዓመት አሳደገችው። ልጅ አልወለዱምና «ልጄ» የምትለው እሱን ነበር። ሆስፒታል ተኝታ የተናገረችው የመጨረሻ ቃልም ስለ ባሏ ሳይሆን ስለ እሱ ሆነ፤ «አደራ፣ እንዳይሞትብኝ»። ሰፊው ጋሼ ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ ቢሆንም አደራ አደራ ነውና ተቀበሉ።

ሲቀበሉም ለራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፦ እጇ የነካውን ነገር አለመለወጥ። ጨው በእሷ ማንኪያ፣ ምግብ በእሷ ሰዓት፣ ከገንዳው በላይ የሚበሩትም እሷ የሰካቻቸው አራት የፍሎረሰንት ዘንጎች። ሦስት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖሩ። ትናንት ከአራቱ አንዱ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ።

«ታዲያ ኤልኢዲ ምን በደለዎት ጋሼ?» አለች ለምንዬ ከሱቁ ሲወጡ።

«ምን በደለዎት ትላለች ደግሞ! ፋርማሲስቱን ጎረቤቴን ጠይቂው። እሱም እንደኛ ገንዳ ነበረው። አምና ‹ዘመናዊ ነው› ብሎ ገዛ፣ ሰቀለ፣ አበራ። በሳምንቱ እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ። ሄጄ ባይ፣ ኮራሉ በሙሉ እንደ አጥንት ነጥቷል! ነጥቷል ስልሽ! በነጋታው ተሸክሞ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ያ ስም ሲነሳ እንኳ ያንዘፈዝፈኛል።»

«ሲያበራው ስንት ላይ አደረገው?»

«ምን ስንት አለው? መብራት ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል።»

ለምንዬ ልትመልስ አፏን ከፍታ ተወችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ በልጥ የደነገጠ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ ሲከራከሩት አይሰማም። «የአክስቴን ኮራል ልየው?» አለች ብቻ።

ቤቱ አልተለወጠም። በሩ አጠገብ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ቁልፍ ያልተተከለላቸው ኮቶች፣ ከገንዳው ፊት ደግሞ ጎንበስ ብሎ የውሃው ፊት ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር። ለምንዬ ገንዳውን አይታ «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው?»

«ሐምራዊ አልነበረም እንዴ ጋሼ? ጫፍ ጫፉ ሰማያዊ? ይሄ እኮ ቡናማ ነው!»

«አረጀ ልጄ። ሰውም ሲያረጅ መልኩ ይጠቁራል።»

«ግርጌውስ? ይሄ የተላጠውስ?»

«የትኛው?» አሉ ሰፊው ጋሼ። መነጽራቸውን ከስፌት መኪናው ላይ አምጥተው ጎንበስ አሉ። ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ሥጋቸው ረግፎ ግራጫ አጥንት ሆነዋል። ሞቱ ወደ ላይ እየወጣ ግማሽ ግንዱ ላይ ደርሷል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገቡት ዓይኖች ይህንን ስንት ቀን አልፈውት ሄደዋል!  «ይሄ… ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም እሳቸው መሆናቸውን ረስተው።

«ጋሼ፣ መብራቱ አንሶታል።»

«አንሶታል? ዓይን የለሽም? ሦስቱ ብቻ በርተው እንኳ ጋዜጣ ይነበብበታል!»

«ኮራሉ ጋዜጣ አያነብማ! ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማትታይ አልጌ የምትባል የውሃ ዕፅ ትኖራለች፤ እሷ ብርሃን ጠጥታ ትቀልበዋለች። ብርሃኑ ሲያንስ ያለችውን ያህል ለመቃረም ትበዛና መልኩን ቡናማ ታደርገዋለች። ያም ካልበቃ፣ ጥላ ያለበት የታችኛው ሥጋ ተርቦ ይሞታል። እርጅና አይደለም፤ ረሃብ ነው።»

ረሃብ የሚለው ቃል ሰፊው ጋሼን ወጋቸው። «አይ አንቺ! በየቀኑ አበላዋለሁ እኮ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ለምንዬ ከቦርሳዋ የሥራ መሣሪያዋን አወጣች። ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ የኮት ቁልፍ የምታህል ዓይን፣ በሌላው ጫፍ ቁጥር የምታሳይ ሣጥን። የመሣሪያዋን ዓይን ውሃ ውስጥ ከተተችና ከኮራሉ ጫፍ አጠገብ ያዘቻት።

«ሰባ ሁለት» አለች። ወደ ታች አወረደቻት። «እዚህ ሃያ ስድስት።»

«ከመቶ ነው?»

«ከመቶ አይደለም፤ የብርሃን ልክ ነው። ይሄ ዓይነቱ ኮራል ደኅና ለመኖር ቢያንስ ሁለት መቶ ይፈልጋል።»

«መሣሪያሽ ተበላሽቷል።»

 ለምንዬ የመሣሪያዋን ዓይን ጠራርጋ መስኮቱ ላይ የወደቀው ፀሐይ ውስጥ አደረገቻት። ቁጥሩ ሽቅብ ተምዘግዝጎ ከሺህ አለፈ። ሰፊው ጋሼ ሣጥኑን አዩ፣ ገንዳውን አዩ፣ መልሰው ሣጥኑን አዩ። «ወይ ጉድ! ታዲያ ለእኔ ሁለቱም ብርሃን የሚመስሉኝ ዓይኔ አብዶ ነው?»

«አላበደም፤ ለምዶ ነው። እስቲ ልጠይቅዎት፦ ደንበኛ ጨርቅ ሊመርጥ ሲመጣ መብራት ሥር ያስመርጡታል?»

«በፍጹም! ጨርቁን ይዤ በር ላይ ነው የማስቆመው። አንድ ጊዜ ተቻኩዬ በፍሎረሰንት ቆርጬ የደረሰብኝን ማን ያውቃል? ኮቱ ጥቁር፣ ሱሪው ደማቅ ሰማያዊ! ሙሽራው ፀሐይ ላይ ሲቆም ነው የታየው፤ እልልታው መሐል ላይ ቀጥ አለ! ፍሎረሰንት ሥር የዋለ ዓይን ምስክር አይሆንም፣ ይለምዳላ! ቀስ ብሎ ይለምድና…» አሉና ንግግራቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ሰፊው ጋሼ ለአርባ ዓመት ደንበኛ ሲመክሩበት የኖሩት ቃል ለራሳቸው ደረሳቸው። ሰው ለሌላው ያስተማረውን ለራሱ መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ እያንዳንዳችን በየቤታችን እናውቀዋለን። ለምንዬም አላሳጣቻቸውም።

«ዘንጉ በአንድ ቀን አይደክምም ጋሼ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሰርቀው፣ ዓይን ደግሞ አብሮት ይወርዳል። ለቤት ቢሆን እስኪጠፋ ድረስ ጤነኛ ነው ይባላል። ለኮራል ግን እየበራም ሞቷል። በዓመቱ መለወጥ ነበረበት።»

«በዓመቱ? በይ እንግዲህ ይሄን ተይኝ! እሷ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። የሰካቻቸው አንዴ ነው፣ እዚያው ናቸው።»

ለምንዬ መብራቱን አጥፍታ፣ እስኪበርድ ጠብቃ፣ ከሦስቱ አንዱን ዘንግ በዝግታ አዙራ ነቀለችው። ከብረቱ ቆብ አጠገብ፣ ከማቀፊያው በታች ተሸፍኖ የኖረ ጽሕፈት ነበር። ደቃቃ፣ ቀጥ ያለ፣ ለዘመናት የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ቀን ስትጽፍ የኖረችው የነርሷ ባለቤታቸው ጽሕፈት። አነበበችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«አምጪው ስልሽ!»

አዩት። «የሚቀየርበት» ይላል፤ ከሥሩ ወርና ዓመት። ሰፊው ጋሼ ያንን ወር በደንብ ያውቁታል፤ እሷ በተቀበረች በሁለተኛው ወር ነው። ሁለተኛውንም ዘንግ አዩ፣ ሦስተኛውንም። ያው ቀን ነው። ከሱቁ መልሰው ያመጡትን የተቃጠለውን ከጋዜጣው ፈቱት፤ እሱም ያው።

ከስፌት መኪናው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። እሳቸው ያኔ በነበራቸው የስፌት ሱቅ ሲውሉ፣ እሷ በየዓመቱ አራቱንም ስትቀይር ኖራለች፤ ደህና ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሮ ይህን ሳያውቅ ይቀራል! «የእጇ ሥራ ነው ብዬ አልነካም አልኩ፤ የእጇ ሥራ ግን መቀየሩ ነበር» አሉ። እንባቸው በመነጽራቸው ሥር ወረደ። «እያየሁት አስራብኩት፣ ለምንዬ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እራቴን እየበላሁ አስራብኩት።»

«አላወቁማ ጋሼ።»

«አለማወቅማ ለማን አዝኖ ያውቃል!»

ድንጋጤው በረድ ሲል ግትርነታቸው ተመልሶ መጣ። «እሺ፣ በደሌን አምኛለሁ። እንግዲያው አራት አዲስ ዘንግ ከሩቅ ከተማም ቢሆን አስፈልጌ አስመጣለሁ። እሷ የመረጠችው ፍሎረሰንት ነው።»

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አዲስ ዘንግም ያድነው ነበር። እኔ ፍሎረሰንት ክፉ ነው አልልም። እንዲያውም ብርሃኑ እንደ ደመናማ ቀን በየጎኑ ይዳረሳል፤ ኤልኢዲ ግን እንደ ፀሐይ ከአንድ በኩል ስለሚወረውር ከቅርንጫፍ ሥር ጥላ ይጥላል። ለዚህ ነው ሁለት አድርገን፣ ከፍ አድርገን የምንሰቅለው። ነገር ግን ዘንጉ በየዓመቱ ይደክማል። ውሃውን ያሞቃል፤ ቬንትሌተሩን ያስቀመጡት ለምን ሆነና? ሜርኩሪ አለበት፣ ሲሰበር መርዝ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ በዓይንዎ አዩት፣ ሱቅ ውስጥ የለም። አክስቴ ነርስ ነበረች ጋሼ፤ በማይገኝ መድኃኒት ላይ በሽተኛ አታንጠለጥልም ነበር።»

 «የፋርማሲስቱ ኮራል ሬሳስ?» አሉ ሰፊው ጋሼ።

«ይደውሉለትና ስንት ላይ እንዳበራው ይጠይቁት።»

ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ፋርማሲስቱ ሳይጠረጥር መለሰ፤ «መቶ በመቶ ላይ ነዋ ጋሼ! ሙሉውን ከፍዬ ሃያ ላይ ላበራው ነው?»

ለምንዬ ዓይኗን ጨፈነች። «ስንት ጊዜ በደካማ ብርሃን የኖረን ፍጡር በአንድ ቀን ቀትር ላይ አወጣው! አልጌዋ ተቃጥላ ጥላው ወጣች፣ ለዚያ ነው የነጣው። መብራቱ አይደለም የገደለው። ሐኪም ያዘዘውን ሽሮፕ ጠርሙሱን ሙሉ ባንድ ጊዜ ቢያጠጣው ኖሮ መድኃኒቱን ይወቅስ ነበር?»

«ፋርማሲስት ሆኖ!» አሉ ሰፊው ጋሼ፣ በድንጋጤ ሳቅ አመለጣቸው። ከስልኩ ውስጥ «ማን ናት እሷ?» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዘጉት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይህንን ገንዳ ባያዩም ነገሩን አውቀውታል።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ከገንዳው በላይ ተሰቀሉ። ሰፊው ጋሼ ግን ጥፋታቸው እንቅልፍ ነስቷቸዋልና የማስተካከያውን ቁልፍ ይዘው ወደ ላይ ሊያዞሩት ሲሉ ለምንዬ እጃቸውን ያዘች።

«ሃያ በመቶ ላይ!»

«ሦስት ዓመት የተራበ ፍጡር በሃያ? ልካሰው እንጂ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ጋሼ። በየሳምንቱ አምስት አምስት እንጨምራለን፣ እየለካን። ቀስ በቀስ…»

«እንቁላሉን አውቀዋለሁ!» አሉ ተቆጥተው፤ እጃቸውን ግን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለሰፊው ጋሼ የድንጋጤ ወራት ነበር። የመጀመሪያው ድንጋጤ ጸጥታው ነው፤ ውሃው መሞቁን ስላቆመ ቬንትሌተሩ ተነሣና ሳሎኑ ዝም አለ። ሁለተኛው የመብራት ቢሉ ማነስ ነው፤ ሰው ተሳስቶ ያመጣው መስሏቸው የጎረቤት ስም ፈለጉበት። ጠዋት መብራቱ በአንድ ጊዜ ቦግ ከማለት ይልቅ እንደ ንጋት እየፈካ ሲመጣ፣ ማታም እየደበዘዘ ሲሄድ ዓሦቹ መደንበር ተዉ። በሰባተኛው ሳምንት ደግሞ ልብሳቸውን እንኳ ሳይለብሱ ደወሉ።

«ለምንዬ! ነጣ! ጫፉ ሁሉ ነጣ! ገደልኩት!»

እየበረረች መጣች። ጎንበስ ብላ አየችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ግንዱ ነጥቷል?»

«ግንዱማ… ግንዱ ሐምራዊ ነው።»

«ጫፉ ብቻ ነዋ የነጣው! አዲስ ያበቀለው ነው ጋሼ። ሲያድግ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከፊትዎ እያደገ ነው!»

ሰፊው ጋሼ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ከዚያ በደስታ ይሁን በእፍረት ሳይታወቅ ፊታቸውን ወደ ተንጠለጠሉት ኮቶች አዞሩ።

ይሁን እንጂ ብርሃን የሞተን አያስነሣም። ከላይ ያለው ሲያምር ከታች ያለው ባዶ አጥንት ሻጋታ የመሰለ ነገር ለበሰ፣ ሞቱም ወደ ሕያው ሥጋ ጣቱን ሰደደ። ለምንዬ ለካች፣ አሰበች። «መቁረጥ አለብን።»

«ምን?»

«ከሞተው በላይ ቆርጠን ሕያዉን ለይተን አዲስ አለት ላይ መትከል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ይኖራል። ካልተቆረጠ ግን ሙሉው ይሄዳል።»

«የእሷን? እኔ? በዚህ እጄ?» ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችውን ልቆራርጠው?»

«ያልለወጡት ምን እንዳደረገ አይተዋል ጋሼ።»

ሰፊው ጋሼ ዙሪያቸውን ቃኙ። የስፌት መኪናቸው፣ መቀሳቸው፣ የእሷ ማንኪያ፣ ሁሉም በየቦታው ነበር። ተነሥተው እጃቸውን እስከ ክንድ ታጠቡ። «ጉጠቱን አምጪ። ገላ ቆርጬ ባላውቅም መቁረጥ የማላውቀው ነገር አይደለም።» እጃቸው ውሃው ውስጥ ሲገባ የሠላሳ ዓመት ሰው እጅ ሆነ። ሕያዉና ሙቱ የሚለያይበትን መሥመር በጣታቸው ዳብሰው፣ አንድ ጣት ከፍ ብለው ቆረጥ አደረጉት። አራት ቅርንጫፍ ወጣው። አጥንቱን በፎጣ ጠቅልለው አስቀመጡት፤ ለምንዬ የት እንዳደረጉት አልጠየቀችም፤ በሕይወቷ «ለምን» ሳትል ያለፈችው ምናልባት ይህን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አራቱም ያዙ። ሰፊው ጋሼ አንዱን በውሃ በተሞላ ማሰሮ ይዘው የፋርማሲስቱን በር አንኳኩ። ያ ሰው ገንዳውን ካደረቀ ዓመት ሆኖት፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ አድርጎት ነበር። ማሰሮውን አይቶ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«አልችልም ጋሼ። ይሄ የባለቤትዎ አይደለም እንዴ? እኔ ገድዬ የማውቅ ሰው ነኝ።»

«እኔም ገድያለሁ» አሉ ሰፊው ጋሼ። «አንተ በብዙ ብርሃን በአንድ ሳምንት፣ እኔ በትንሽ ብርሃን በሦስት ዓመት ተኩል። የሁለታችንም ጥፋት አንድ ነው፤ ሳንለካ ነው የኖርነው። ኮራሉ አንድ ቤት ብቻ ካለ ደግሞ የአንዱ ሰው ስሕተት ይጨርሰዋል። ያዝ።»

ፋርማሲስቱ ማሰሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሰፊው ጋሼ ወደ ቤቱ ዘለቁና መጻሕፍቱን ከገንዳው ውስጥ አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር።